«ሕፃን ነበረች፣ ምኑን ታስታውሳለች?»

ከመካከላችን የአንዷ እናት እ.ኤ.አ. በ1984 በእናቷ ጀርባ ታዝላ ሱዳን ስትገባ 2 ዓመቷ ነበር። ዛሬ ልጆች አሳድጋለች፣ ትሠራለች፣ ቤቷ ሙሉ ነው። ግን ማታ ጀሪካኑን ውኃ ሳትሞላ አትተኛም። የቧንቧ ውኃ እንደማይቋረጥ ታውቃለች፤ ቢሆንም ትሞላለች። ስለ መንገዱ ስንጠይቃት «ትንሽ ነበርኩ» ትለናለች። አያትም ከጎኗ ሆነው «ሕፃን ነበረች፣ ምኑን ታስታውሳለች?» ይላሉ። ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል።

ይህ መልስ በብዙ ቤቶቻችን የተለመደ ነው። ክፋት የለበትም። ያለፈውን ሆድ ይፍጀው ብሎ ልጅን ለነገ ማሳደግ የወላጆቻችን የፍቅር መንገድ ነበር። እኛ ግን በሶሻል ወርክ ትምህርታችን ስለ ሕፃናት አንጎል ስንማር፣ መልሱ ግማሽ እውነት መሆኑን ተረዳን። ያች እናት ውኃውን የምትሞላው በሱዳን ምክንያት ነው ብለን መማል አንችልም። ሕፃን ስለሆነች ምንም አልነካትም ማለት ግን ከዚህ በኋላ አንችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አደጋን የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ የሚባለው፣ ገና ከሕፃንነት ሥራውን ይጀምራል። የሆነውን ነገር እንደ ታሪክ የሚያስቀምጠው ሂፖካምፐስ ግን ለመብሰል ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ሕፃን ታሪኩን ባይዝም ፍርሃቱን ይማራል። ሲደነግጥ ሰውነቱ ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ የሚያውቀው ሰው አቅፎ ሲያባብለው ይረጋጋል። ድንጋጤው ሲደጋገምና የሚያባብል ሲጠፋ ግን ያ ዘበኛ ነቅቶ ይቀራል። ልጁ ሲያድግ እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መቆጣት፣ በትምህርት ላይ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ሊከተል ይችላል። በ1998 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ በልጅነታቸው 4 ወይም ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ ያዩ ሰዎች ምንም ካላዩት ጋር ሲነጻጸሩ ለድባቴ፣ ለሱስና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የመጋለጣቸው ዕድል ከ4 እስከ 12 እጥፍ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። በአንድ ትምህርት ላይ «ለአደጋ የተጋለጡ» በሚል ዝርዝር ውስጥ የማኅበረሰባችንን ስም አየን። ክፍሉ ውስጥ የእኛ ልጆች ሁለት ብቻ ነበርን፤ ተያየን። ይህ እውቀት በልጆቻችን ፋይል ላይ የሚለጠፍ ስም እንዲሆን አንፈልግም። ሳይንሱም እንዲህ አይልም። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት፣ በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ይኖሩ የነበሩ 136 ሕፃናት ላይ ጥናት ተደርጓል። ግማሾቹ በዕጣ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። በተለይ 2 ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት በሰው ላይ መተማመናቸውም ሆነ የአንጎላቸው እንቅስቃሴ ተሻሽሎ ተገኘ። ከዚህ የምንማረው፣ መከራው ብቻ ሳይሆን መከራውን ያለ ሰው ማሳለፍ እንደሚጎዳ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ የአያቶቻችን ጀርባ ራሱ መድኃኒት ነበር።

እንግዲያው ጥያቄው ይህ ነው፤ ያ ጀርባ መቼ ተወሰደ? በመንገድና በሱዳን ካምፖች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን ሞቱ፤ ብዙ ልጆች ያቀፋቸውን ሰው አጡ። እዚህ ከደረስን በኋላ ደግሞ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አብዛኞቹ ወጣቶቻችን ከወላጆቻቸው ተለይተው ፕኒሚያ ገቡ። ቤት የቀሩትም ቢሆኑ በሐኪምና በባንክ ፊት ለወላጅ አስተርጓሚ ሆኑ። የእናቱን ሕመም የሚተረጉም የ9 ዓመት ልጅ፣ እሱ ሲፈራ ማን ያባብለዋል? ስለ እኛ የሚጽፉ ባለሙያዎች የመንገዱን መከራ ብቻ ሳይሆን የአቀባበሉንም መከራ ይቁጠሩ እንላለን።

ለወላጆቻችንና ለአያቶቻችን የምንለው አለ። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ሄርዝል ተራራ ላይ ሙታኖቻችንን እናስታውሳለን። ታዝለው በሕይወት የደረሱትንም እንጠይቃቸው። ሁሉን አውጡ አንልም፤ በቡናው ላይ ትንሽ ትንሽ በቂ ነው። ልጅ ቤቱ ውስጥ ፍርሃት እንዳለ ያውቃል፤ ምክንያቱን ሳያውቅ ሲቀር ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል።

ለእኩዮቻችን ደግሞ፦ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ጭንቀቱ ከበረታ፣ እርዳታ መፈለግ ቤተሰብን ማዋረድ አይደለም። ከጁላይ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና በኩፓት ሆሊም በኩል የሚሰጥ መብት ነው። የአዋቂ አንጎልም ይማራል፤ ዘበኛው ማረፍ ይችላል።

ለመንግሥትና ለኩፓት ሆሊሞች የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እናቶቻችን በአማርኛና በትግርኛ የሚያናግራቸው ባለሙያ ያግኙ፣ ልጅ አስተርጓሚ መሆኑ ይቅር። እናትን መደገፍ የሕፃኑን አንጎል መጠበቅ ነው። ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ እኛ እንሆናለን፤ የምንማረውም ለዚህ ነው። እስከዚያው ግን ሥራውን ከቤታችን እንጀምር። አያት «ምኑን ታስታውሳለች» ሲሉ፣ «እርስዎስ ምን ያስታውሳሉ?» ብለን አጠገባቸው እንቀመጥ።