«ፕሪፖዚሽን እንኳን አያውቁም» ለምትሉን

የተማሪን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍና ከሥሩ የሳቅ ኢሞጂ መደርደር ልማድ ሆኗል። «አይ አም ፕራውድ ባይ ማይ ካንትሪ» ብሎ የጻፈ ልጅ ለትውልዱ ውድቀት ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል። የሚገርመው እኮ የእንግሊዝኛ መምህራንም አብራችሁ ትስቃላችሁ!

እስቲ ልጁ ምን እንዳደረገ እንይ። በአማርኛ «በአገሬ እኮራለሁ» ይላል። ታች ክፍል እያለ ደግሞ «በ» ማለት «ባይ» ነው ተብሎ ተነግሮታል። ስለዚህ «ባይ» ብሎ ጻፈ። አስቦ ነው የጻፈው። ሳቅ የሚገባው ካለ ያንን ትርጉም ሰሌዳ ላይ የጻፈለት ሰው ነው።

ይቺ «በ» ጉደኛ ናት። በሒሳብ ጎበዝ ነን፣ ጎንደር በፋሲል ግንብ ታዋቂ ናት፣ በልጃችን እንኮራለን፣ ጀሪካኑ በውሃ የተሞላ ነው፣ በጎረቤት እንናደዳለን፣ በታሪክ እንመሰጣለን። ለሁሉም አንዷ «በ» ትበቃናለች። እንግሊዝኛው ግን ጉድ አት፣ ፌመስ ፎር፣ ፕራውድ ኦፍ፣ ፉል ኦፍ፣ አንግሪ ዊዝ፣ ኢንተረስትድ ኢን እያለ ይበታትናታል። «ሕጉን አጥኑ» የምትሉ ሰዎች፣ «ፉል» ኦፍን፣ የሥጋ ዘመዱ «ፊልድ» ደግሞ ዊዝን ለምን እንደያዙ የሚያስረዳ ሕግ ካላችሁ አምጡት። ሁለቱም እኮ ያው ሙሉ ማለት ናቸው።

«ከ»ም ብትሆን ያው ናት። «ከእሱ የተለየ» ስንል ዲፈረንት ፍሮም ላይ በደህና ታደርሰናለች። ሱፔሪየር ላይ ስንደርስ ግን ገደል ትከተናለች። «ከእሱ ይበልጣል» ቢገር ዛን ከሆነ ተማሪው «ሱፔሪየር ዛን» ቢል ምን ይፈረድበታል? ሱፔሪየር፣ ኢንፌሪየር፣ ሲኒየር፣ ጁኒየር ከላቲን የመጡ ናቸው። እዚያ ራሳቸው የማወዳደሪያ ቃላት ነበሩ፣ እንግሊዝኛ ውስጥ ደግሞ ቱን ይዘው ይሄዳሉ። ይሄን ለመንገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «ማሪድ ዊዝ»ም ከሰማይ አልወረደም፣ «ከእሷ ጋር ተጋባ» ከሚለው ነው የመጣው። ትክክሉ ማሪድ ቱ ነው፣ አለቀ።

ከሁሉ የሚብሰኝ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጠው ሃንድአውት ነው። «ዲፈረንት» ብሎ ባዶ ቦታ ይተውና ፍሮምን፣ ቱንና ዛንን ደርድሮ አንዱን ብቻ ምረጥ ይላል። ፍሮም የትም ያስኬዳል፣ እሱን አስተምሩ። ግን እንግሊዞች በተለይ በንግግር ቱ ይላሉ፣ አሜሪካኖች ዛን ይላሉ። ልጁ ፊልም ላይ ከአፋቸው የሰማውን ጽፎ ኤክስ ይደረግበታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ፈተና ላይ ባይገባ ማን ይጎዳል?

«ታዲያ ሁሉም ልክ ነው ልትል ነው?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ኧረ አይደለም! ፕራውድ ባይ ስህተት ነው፣ እኔም አርማለሁ። የምለው፣ አድጀክቲቩን ብቻውን አታስጽፉ። ፕራውድ ኦፍን እንደ አንድ ቃል ስጡት፣ ስለ እናቱ ወይ ስለ ክለቡ የራሱን ዓረፍተ ነገር ይሥራበት፣ ጮክ ብሎም ያንብበው። ጆሮው ይልመደው። ማብራሪያችሁን ትርጉም ለሚለወጥበት ቦታ አስቀምጡት፦ ጉድ አት ችሎታ ነው፣ ጉድ ፎር ጥቅም ነው፣ ጉድ ዊዝ ችልድረን ደግሞ ከልጆች ጋር መግባባት ነው። አንግሪ ዊዝ ሰው ላይ ነው፣ አንግሪ አባውት በሆነ ጉዳይ ነው። ይሄ ይገባቸዋል፣ ምክንያት አለዋ!

ነገሩን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። በአንድ «ባይ» የተሳቀበት ልጅ በእኔ ክፍለ ጊዜ ብቻ ዝም አይልም። የባዮሎጂ መምህሩ ሲጠይቁትም መልሱን እያወቀ አንገቱን ይደፋል። ከዚያ ደግሞ «የዘንድሮ ተማሪ አይሳተፍም» ብለን ስብሰባ እንጠራለን።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ያኔ «በ» እና «ከ» ያሳሳቱባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሰኞ ለአሥረኛ ክፍሎቹ አነብላቸዋለሁ፣ ስም አልጠራም።