ብሔራዊው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ ከሐረጎ ላይ ሲታይ

በሰኔ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊውን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ ሲያጸድቅ፣ በ2012 ዓ.ም. በማእከልነት ተቋቁሞ ኋላ ኢንስቲትዩት የተባለው መሥሪያ ቤት የሚመራበትን ሰነድ አገኘ። በዚያው ወር ግን በአብዛኛው የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበርና፣ መንግሥቱ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምን እንደ ወሰነ በስልኩ ሊያነብ የፈለገ የክልሉ ወጣት ባለ መስመር ኢንተርኔት ወዳለው መሥሪያ ቤት ወይም ሆቴል ደጅ መጠጋት ነበረበት። የአንድ አገር ስልት ከየት መጀመር እንዳለበት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ኢትዮጵያ በሕዝብዋ ብዛት ትንሽ አገር ተብላ አትጠራም፤ ሆኖም በዚህ ጥበብ የአገር ትልቅነት የሚለካው በኮምፒውተር ኃይል፣ በተሰበሰበ ጽሑፍና በሠለጠነ ባለሙያ ስለ ሆነ፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዘን ከትንንሾቹ ተርታ መሰለፋችንን አምነን መነሣት ይገባናል። ሞሪሸስ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ሩዋንዳም በ2023 የየራሳቸውን ሰነድ አውጥተዋል፤ የአፍሪካ ኅብረትም በ2024 አህጉራዊውን ስልት አጽድቋል። እኔን ይበልጥ የምታስቀናኝ ግን አይስላንድ ናት። ይህች አገር 400 ሺሕ የማይሞላ ሕዝብ ይዛ፣ የባዕድ ማሽን ቋንቋዬን ይማርልኝ ይሆናል ብላ በተስፋ ሳትቀመጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በመንግሥት ገንዘብ ጽሑፏን እየሰበሰበች፣ ዜጎችዋም ድምፃቸውን እየቀዱ እንዲለግሱ እያደረገች ስንቋን አስቀድማ ስላዘጋጀች፣ በ2022 ፕሬዚዳንቷ ልዑካን አስከትለው ኦፕንኤአይ ወደሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሄዱ ጊዜ ባዶ እጃቸውን አልሄዱም፤ በ2023 ጂፒቲ-4 የተባለው የኩባንያው ማሽን ሲወጣም አይስላንድኛ ኩባንያው ለይቶ ከጠቀሳቸው የትብብር ሥራዎች አንዱ ሆነ።

የእኛም ስልት አስቀድሞ የሚተወውን ለይቶ ማወቅ አለበት። ከአሜሪካና ከቻይና ኩባንያዎች ጋር እየተፎካከሩ ግዙፍ ማሽን ከመሠረቱ ለመሥራት መመኘት ከንቱ ድካም ነው። በአንጻሩ ማንም የማይሠራልን ሥራ አለ። አንድ የግእዝ ፊደል በኮምፒውተር ሲመዘገብ ሦስት ባይት ሲይዝ የእንግሊዝኛው ፊደል አንድ ብቻ ይይዛል፤ ማሽኖቹ ጽሑፍን የሚቆራርሱበት ዘዴም አብዛኛውን በእንግሊዝኛ ላይ ተመሥርቶ የተቀረጸ በመሆኑ፣ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አፍራሹን በአንድነት የሚሸከመው የአማርኛ ግስ ወደ ብዙ ስብርባሪ ይበታተናል፤ ክፍያውም በስብርባሪው ቁጥር ነውና የኮምቦልቻው ተማሪ ለዚያው ጥያቄ ከለንደኑ ተማሪ የበለጠ ይከፍላል፣ ያነሰ መልስም ያገኛል። ይህን የሚያቃና ብዙና የተጣራ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ጽሑፉስ የት አለ? ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለደረሰ ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት የገዳሙ አበምኔት የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞአ ለዚህ ደብር የሰጡት ወንጌል ከ740 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ጊዜ በተጀመረው ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተቀድቶ፣ ግልባጩ ባሕር ተሻግሮ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ገብቷል፤ እዚያም ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እነዚህን ግልባጮች ለብዙ ዓመታት ሲመረምሩና ሲመዘግቡ ኖረዋል። ፎቶግራፉ ግን ለማሽን ገና ጽሑፍ አይደለም። ማሽኑ የቁም ጽሕፈትን እንዲያነብ፣ ቃል ከቃል በሁለት ነጥብ ብቻ የሚለይበትን፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም የሚወጣበትን ገጽ አንድ ዐዋቂ ከምስሉ ጎን መስመር በመስመር እየገለበጠ ሊያስተምረው ይገባል። ያ ዐዋቂ የኮምፒውተር መሐንዲስ አይደለም፤ መሪጌታው ነው። በወሎ ካሉት የእስልምና ትምህርት ማእከላት፣ ከጀማ ንጉሥ፣ ከዳናና ከገታ የወጣው በዐረብ ፊደል በአማርኛ የተጻፈው ዐጀሚና በካሴት ተቀድቶ የቀረው መንዙማም እንዲሁ ሼኹንና ደረሳውን ይጠይቃል፤ ተናጋሪው እየሳሳ የሄደው አርጎባኛ ደግሞ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ድምፃቸው መቀረጽ አለበት። እንግዲህ ለመሪጌታና ለሼኽ ደመወዝ የሚቆርጥ የቴክኖሎጂ በጀት ቢወጣ ብዙ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ እኔ ግን አምስት ሚሊዮን ኮደሮች ከተባለው የሥልጠና ዘመቻ በኋላ በየቤቱ ከተሰቀለው ሰርተፊኬት ይልቅ የሚዘልቀው ይህ ይመስለኛል።

ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ ጉዳዩ ከብራና ወደ ጨርቅ ይዞራል። ከተማይቱ የቆየ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አሏት፤ ሦስቱን በአንድ ሥራ ላይ ማገናኘት ይቻላል። በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የጥራት ተቆጣጣሪዋ፣ ጨርቁ ከሥሩ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ እየተጎተተ ሲያልፍ የተበጠሰውን ክር፣ የዘይቱን ጠብታ፣ የቀለሙን መዛነፍ በዓይኗ እየለቀመች ምልክት ታደርጋለች፤ ፈረቃዋ ሊያበቃ ሲል ዓይኗ ይደክማል፤ ያመለጣት እንከንም ገዢው ዘንድ ደርሶ ይመለሳል። ይህን የሚያግዝ ካሜራና አነስተኛ ኮምፒውተር የአንድ ተመራቂ የመመረቂያ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑን የምታስተምረው ግን ያቺው ተቆጣጣሪ ናት፤ ስለዚህ ሥራዋን ሊነጥቃት ሳይሆን የደመወዝ እርከኗን ከፍ ሊያደርግላት እንዲገባ ውሉ አስቀድሞ ይጻፍ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ባጥለቀለቀ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው መዘረፉን፣ የደሴው ሆስፒታልም መራቆቱን ላስታወሰ ሰው፣ የጠፋውን ቤተ ሙከራ መተካት ራሱ የብሔራዊ ስልት አንቀጽ ቢሆን አይበዛበትም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚል፣ የኤሌክትሪክ ኃይላችንን በቅርብ ዓመታት ለቢትኮይን አምራቾች እየሸጥን ብዙ የውጭ ምንዛሪ አግኝተናልና፣ በዚህ ኃይል የሚጠቀም ኩባንያ ሁሉ ከትርፉ ጥቂቱን ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሆን የኮምፒውተር አገልግሎት አድርጎ እንዲከፍል ማስገደድ አይቻልምን? ከዓባይ ውኃ የሚመነጨው ኃይል የሌላውን አገር ሰው የሒሳብ እንቆቅልሽ ሲፈታ ውሎ ቢያድር፣ ለወሎ ተማሪ አንድ ሌሊት ቢተርፈው ፍትሕ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሕጉ መጠናከር ይኖርበታል። ኢንተርኔት በአንድ ክልል ሲዘጋ ማን እንዳዘዘ፣ ለስንት ቀን እንደ ሆነ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጽሑፍ የሚቀርብበት ግዴታ ካልተደነገገ፣ በአንዲት ሌሊት ትእዛዝ የሚቆም ትምህርትና ሥራ ላይ ማንም ባለሀብት ገንዘቡን አያፈስም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የግለሰብን መረጃ ሲጠብቅ፣ የማኅበር የሆነውን፣ ትውልድ ለትውልድ ያወረሰውን ቃልና መጽሐፍ ለማሽን ማስተማሪያ ስለ መስጠት የሚበይን ደንብ ሊከተለው ይገባል። በሐይቅ ቢሆን ማኅበረ መነኮሳቱ፣ በጀማ ንጉሥ ቢሆን ሼኹና ደረሳው ፈቃድ የሚሰጡበትን፣ ከሚገኘውም ጥቅም ድርሻቸውን የሚቀበሉበትን ሥርዐት ኢንስቲትዩቱ ከቅርስ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ጋር ተቀምጦ ቢያወጣ፣ የመጀመሪያው የምስል ማንሣት ሥራ በመጪው በጋ፣ መንገዱ ደርቆ ሳለ ሊጀመር ይችላል።