ስትራቴጂ ከግድግዳ ወርዶ ገበያ ቢወጣ



በ1990ዎቹ መገባደጃ ከፌዴራል ሚኒስቴር እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሰቀል አንድ ዓይነት ሰሌዳ ነበር፦ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች። ዘመኑ የመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ በተለመደው አጠራሩ የ«ቢፒአር» ዘመን ነበር። ሐመርና ቻምፒ በ1993 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ኩባንያዎች ያሳተሙት ሐሳብ በእኛ ዘንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሥልጠና ሆነ። የካፕላንና የኖርተን ውጤት ተኮር ሥርዓት ተከተለ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

መሣሪያዎቹን አልነቅፍም፤ እኔም አስተምራቸዋለሁ። ነገር ግን ሁሉም የተፈለሰፉት ከሳተ ለሚከስር ድርጅት ነው። እኛ ያደልናቸው ከቶ ሊከስር ለማይችለው ለቢሮው ነው። ሊከስር የሚችለው ከቢሮው በር ውጭ ጆንያውን በአህያ ጭኖ ቆሟል።

ይህን በግልጽ ለማየት ከወረታ–ወልድያ አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ገንጠል ብሎ አርብ ገበያን ማሰብ ይበቃል። ከተማዋ የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ስሟም ሥራዋን ይናገራል። እዚያ ጤፍና ማሽላ ይዞ የሚመጣው ገበሬ በቢዝነስ ኢኮኖሚክስ መግቢያ መጽሐፍ ቋንቋ ድርጅት ነው። መሬት፣ ጉልበትና ካፒታል ያቀናጃል፤ ምን እንደሚዘራ፣ መቼና ለማን እንደሚሸጥ ይወስናል። ተማሪዎቻችን ግን ድርጅት ሲባሉ የሚያስቡት ኮካኮላንና ፔፕሲን ነው። ለምን አያስቡ? የምንሰጣቸው ምሳሌ እሱ ነው።

ማይክል ፖርተር በ1979 እ.ኤ.አ. የአንድን የንግድ ዘርፍ ትርፍ የሚወስኑ አምስት ኃይሎችን ዘርዝሮ ነበር። እነዚያን ወደዚህ ገበያ አምጡልኝ። አንድ ዓይነት ጤፍ በአንድ ሰሞን የሚያቀርበው ተፎካካሪ ብዛቱ የትየለሌ ነው። ገዢው የመኪና ማመላለሻና ጥሬ ገንዘብ ያለው ጥቂት ነጋዴ ነው። ማዳበሪያውን ወደ አገር የሚያስገባው ደግሞ አንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ነው። ከበላዩ አንድ ሻጭ፣ ከበታቹ ጥቂት ገዢ፤ ፖርተር ይህን ቢያይ ከዘርፉ ውጣ ባለው ነበር። ገበሬው ግን ወዴት ይውጣ?

ለመሆኑ ስትራቴጂ ምንድን ነው? እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው አጭር ፍቺ «አማራጭ ማዘጋጀት» የሚል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መንገደኛ ሲያሳጣው የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን ወንበር እያነሣ ዕቃ ጫነባቸው። ይህ የአንድ ቀን ብልሃት አልነበረም፤ የጭነት ተርሚናሉና የጭነት ደንበኞቹ ቀደም ብለው ተዘጋጅተው ነበር። ለአነስተኛው ድርጅት ከአማራጮች ሁሉ የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ ዛሬ አልሸጥም ማለት መቻል።

እንበልና አንድ ገበሬ በጥር የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብርና የልጆች ወጪ ተደራርበውበት አንድ ኩንታል ጤፍ በ8,000 ብር ሸጠ። በሐምሌ ጎተራው ሲራቆት ያንኑ ኩንታል በ10,000 ብር መልሶ ገዛ (ቁጥሩ የእኔ ምሳሌ ነው)። ይህ ሰው በሌላ ስም ተበድሯል፤ ለስድስት ወር 25 በመቶ፣ በዓመት ሲሰላ 50 በመቶ ወለድ ከፍሏል። ይህን ወለድ የትኛውም ባንክ በሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ አይደፍርም።

የሚያስቆጨው ደግሞ ጤፍ ነቀዝ የማይደፍረው እህል መሆኑ ነው፤ ለመቆየት የተመቸ ሰብል ነው። ገበሬው ግን ቀድሞ የሚሸጠው እሱኑ ነው፤ ጥሩ ገንዘብ የሚያወጣለት እሱ ስለሆነ። ለጎተራው የሚተርፈው ነቀዝ የሚበላው ማሽላ ነው። ወረዳው በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መታቀፉን ስንሰማ ድርቁንና የመሬቱን መራቆት ብቻ እናነሣለን። እነዚያ እውነት ናቸው። የሽያጩ ወቅት የሚወስደው ድርሻ ግን በሪፖርት ላይ እምብዛም አይታይም።

በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ጥሎ በቁርጥ ዋጋ ይገዛ ነበር፤ ኮታው በ1982 ዓ.ም. በቅይጥ ኢኮኖሚው አዋጅ ጊዜ ቀረ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መነሻው እህል ነበር፤ ዋነኛ ሥራው የሆኑት ግን ቡናና ሰሊጥ ናቸው። መሪ ሐሳቡ ገበሬው የመሐል አገር ዋጋ ይወቅ የሚል ነበር፤ መልካም ነው። ዛሬ የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ መጠየቅ ይቻላል፤ ዕዳው ለነገ የተቀጠረበት ሰው ግን የሰማውን ዋጋ ምን ያደርግበታል?

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ችላ የሚባልም አይደለም። ዋጋ ሁልጊዜ አይወጣም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የተትረፈረፈ ምርት የበቆሎን ዋጋ አንኮታኩቶ ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ነበር። ወዲያው ድርቅ መጣና በ1995 ዓ.ም. አገሪቱ ለሚሊዮኖች እርዳታ ጠየቀች። ከዚህ የምረዳው ግን ማቆየት አደገኛ መሆኑን አይደለም፤ በጥጋቡ ዓመት እህሉን ይዞ የሚያሻግር ገንዘብና መጋዘን አለመኖሩን ነው።

ሕጉ ሞልቷል። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 372/1996 ተደንግጓል፤ ተንቀሳቃሽ ንብረትን መያዣ ማድረግም በአዋጅ ቁጥር 1147/2011። በዚህ ሕግ ዩኒየኑ መጋዘን ቢከፍትና በክልሉ ገጠር የብድር ልምድ ያካበተው፣ ከአብቁተ የተወለደው ፀደይ ባንክ ወይም ሌላ አበዳሪ በደረሰኙ ላይ 70 በመቶ ቢያበድር፣ ስሌቱ እንዲህ ይሆናል። ገበሬው በጥር 5,600 ብር ይወስዳል። በ18 በመቶ ወለድ የስድስት ወሩ 504 ብር ነው፤ ለመጋዘን 300 ብር ጨምሩበት። በሐምሌ በ10,000 ብር ቢሸጥ ከጥሩ ዋጋ 1,196 ብር ይተርፈዋል። ዋጋው ወደ 6,500 ብር ቢወርድ አበዳሪው ገንዘቡን ያገኛል፤ ገበሬው ግን ይጎዳል። ስለዚህ ሁሉንም አያስቀምጥ፤ ከሦስት ኩንታል አንዱን ያቆይ።

መጋዘን ሰላም እንደሚሻ አልዘነጋሁም፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ጥቂት የነበረው ገዢ ጭራሹን ይጠፋል። ያም ሆኖ ሰላምን የማይጠብቅ አንድ ሥራ አለ፦ የማዳበሪያ ዕዳና የግብር መክፈያው ቀጠሮ ከጥር ወደ ግንቦት ቢገፋ ምን ያህል ወጪ ያስከትላል? ይህን ለማስላት ሲሚንቶም ብረትም አያስፈልግም፤ አንድ የክልል ቢሮና አንድ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ይበቃሉ።