ሠላሳና ስልሳ፦ «ኔትወርኩ ነው» የምንለው እስከ መቼ ነው?

«ኔትወርኩ ነው፣ ድምፅህ ይቆራረጣል፣ ቆይ ወደ ውጭ ልውጣ።» በሞያሌም በናይሮቢም በሐዋሳም ይህን ብሎ የማያውቅ ነጋዴ የለም። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ብዬዋለሁ። ውጭ ወጣሁ፣ ጣሪያ ላይ ወጣሁ፣ ሲም ቀየርኩ፣ ስልክ ቀየርኩ። ጆሮዬን ማስመርመር ግን በሐሳቤም አልመጣም።

ነገሩ የፈነዳው በነጠላ ጫማ ነው። ሐዋሳ ያለች የብዙ ዓመት ደንበኛዬ ደውላ አዘዘች። እኔም «እሺ፣ እሺ» ብዬ ስልሳ ደርዘን አስጫንኩላት። ዕቃው ሲደርስ ደወለች፤ «ጋሼ፣ ሠላሳ ነበር እኮ ያልኩዎት።» እኔ የተለመደውን መልስ ሰጠሁ፤ ኔትወርኩ ነው። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ቀስ ብሎ «አባዬ፣ ያን ቀን እኔም እዚሁ ነበርኩ፤ ሠላሳ ስትል ሰምቻታለሁ» አለኝ። የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍቼው ስለነበር ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሰምቷታል፤ ከእኔ በቀር።

የጭነቱን ኪራይ እኔው ቻልኩ። ትርፉን ጫማ ለወራት በዱቤ ለቀም ለቀም አድርጌ ሸጥኩት። ይህ በንግድ ያለ ነው፤ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቤ ያደረገው ግን አላለፈልኝም፤ ብዙዎቻችሁም በየቤታችሁ እያደረጋችሁት ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው። ስልኩ ከኪሴ ወጥቶ በልጄ ኪስ ገባ። «አንተ አትድከም፣ እሱ ያናግራቸው» ተባለ። በፍቅር ነው የተባለው፤ አልክድም። ነገር ግን ነጋዴን ስልኩን መቀማት ሱቁን መቀማት ነው። ሃያ ዓመት ያበደርኳቸውና ያበደሩኝ ሰዎች ችግራቸውን ለልጅ አይነግሩም። «በዚህ ወር እጅ አጥሮኛል፣ ታገሠኝ» የሚባለው ለእኩያ ነው። አንዳንዶቹ ከነጭራሹ መደወል አቆሙ። እኔም ሱቅ ውስጥ እንደ ዕቃ ጠባቂ ቁጭ አልኩ።

እናንተ አባታችሁ ወይም እናታችሁ በስልክ መስማት ሲያቅታቸው ስልኩን የምትወስዱ ልጆች፣ ዓይናቸው ሲደክም መንገዱን ትከለክሏቸዋላችሁ? መነጽር ትገዙላቸዋላችሁ እንጂ። መነጽር ያደረገን ሰው «የተማረ ይመስላል» እንላለን። ከጆሮው ጀርባ ትንሽ መሣሪያ ያየንበትን ግን «ደነቆረ» ብለን እንሳሳቃለን። ይህች ሳቅ ስንቱን ከገበያ እንዳስወጣች የሚቆጥር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለመስማት ችግራቸው እርዳታ ያስፈልጋቸዋል፤ ከአሥሩ ስምንቱ ያህል የሚኖሩት ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። የእኛ ሰፈር ማለት ነው። ዕድሜውን በጀነሬተር፣ በወፍጮ ቤትና በከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ የፈጀ ሰው ጆሮው ቢደክም ምን ያስቃል?

«ፊት ለፊት ሲያወሩት ይሰማ የለ? በስልክ ነው እንጂ፤ ስለዚህ ስልኩ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር ትክክል ይመስላል፤ ለሦስት ዓመት ያታለለኝም እሱ ነው። ፊት ለፊት ስናወራ ሳናውቀው ከንፈር እናነባለን፣ ፊት እናያለን፣ በሁለት ጆሮ እንሰማለን። በስልክ ይህ ሁሉ የለም። በዚያ ላይ ተራው የስልክ ጥሪ የሚያሳልፈው በግምት ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉ ቀጭን ድምፆች አብዛኛው ጉልበታቸው ከዚያ በላይ ስለሆነ ለጤነኛ ጆሮም ተቆርጠው ነው የሚደርሱት። ጆሮ በዕድሜና በጫጫታ ሲደክም ደግሞ መጀመሪያ የሚያጣው እነዚያኑ ቀጭኖቹን ነው። ስለዚህ ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። «እሰማሃለሁ፣ ምን እንዳልክ ግን አልገባኝም» የምንለው ለዚህ ነው። ድምፁን ማስጮህ ወፍራሙን ይበልጥ ያወፍረዋል እንጂ የጎደለውን አይመልስም።

አሁን የእኛን ቁጥሮች ተመልከቱ። ሠላሳና ስልሳ ተነባቢዎቻቸው አንድ ናቸው። ስድስትና ሰባት፣ ስልሳና ሰባ፣ ሰባና ሰማንያ ሁሉም በ«ሰ» ቤት ይጀምራሉ። በስዋሂሊ እንዳናመልጥ እዚያም ሲታና ሳባ፣ ሲቲኒና ሳቢኒ ይጠብቁናል። ቁጥር ለሚነግድ ሰው ከዚህ የባሰ ቋንቋ አልተፈጠረም!

መፍትሔ ብለን የያዝነው ደግሞ ስፒከር መክፈት ነው። ስፒከር ከፍቶ ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴ የጅምላ ዋጋውን ለጎረቤት ሱቅ በነፃ እያደለ ነው። የባሰው ግን «እሺ» ነው። ላለማፈር ሁለቴ «ምን አልክ?» እንላለን፣ ሦስተኛው ላይ «እሺ» ብለን እንዘጋለን። በእኛ ንግድ ውስጥ «እሺ» ፊርማ ነው። ያልሰማነውን እየፈረምን ነው ማለት ነው። የቴሌብርና የኤምፔሳ አጭበርባሪ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ በደንብ ሳይሰማ «እሺ» የሚልለትን ሰው።

ወደ ሕክምናው ልምጣ፤ እዚህም የምጣላው ሰው አለኝ። ናይሮቢ ሄጄ ተመረመርኩ። ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ድምፅ በሰማህ ቁጥር ቁልፍ ተጫን ይሉሃል። ወረቀቱ ሲወጣ ወፍራም ድምፅ ላይ ደህና ነኝ፤ ቀጭኑ ላይ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። የመስሚያ መሣሪያ ገዛሁ። ዋጋው ቀላል አልነበረም። የሸጠልኝ ቦታ ስለ ስልክ አንዲት ቃል አልነገረኝም። ቤት ገብቼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለጥፈው «ሲ...ይ» ብሎ አፏጨ። ስድስት ወር መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። በኋላ ሌላ ባለሙያ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ችግሩን ፈታው። ሩብ ሰዓት! ለነጋዴ መሣሪያ ሸጦ «ስልክ እንዴት ታናግርበታለህ?» ብሎ የማይጠይቅ ሰው፣ ሚዛን ሸጦ ድንጋዩን የሚያስቀር ነው።

ያሳየኝ ይህን ነው። ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጥ መሣሪያ ድምፅ የሚቀበለው ከላይ፣ ከጆሮ አናት ባለው ማይክ ነው፤ የጆሮ ቀዳዳ ላይ የለጠፍነው ስልክ ማይኩን ስቶታል። ስልኩን ትንሽ ወደ ላይና ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ሳይጫኑ መያዝ ያስፈልጋል። አፍ ከስልኩ ስለሚርቅ መጀመሪያ ያስቸግራል፤ በሳምንት ይለመዳል። አንዳንዱ መሣሪያ «ቲ» የሚባል ክፍል አለው፤ ከስልኩ ድምፅ ማውጫ የሚወጣውን ማግኔት ይቀበልና በዙሪያ ያለውን የገበያ ጫጫታ ይተወዋል። ብዙ ጊዜ ግን ባለሙያው ካልከፈተው እዚያው ተኝቶ ይቀራል፣ ስልኩም ከእሱ ጋር የሚሠራ መሆን አለበት። ከሁሉ የተመቸኝ ብሉቱዝ ያለው ነው፤ የደዋዩ ድምፅ በቀጥታ በሁለቱም ጆሮ ይገባል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አንዳንዱ በቀጥታ የሚገናኘው ከአይፎን ጋር ነው፣ አንዳንዱ ከተወሰኑ አንድሮይዶች ጋር፣ አንዳንዱ ደግሞ ብሉቱዝ ካለው ከማንኛውም ስልክ ጋር። ከመግዛታችሁ በፊት የምትነግዱበትን ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። ኔትወርኩ ደህና በሆነ ጊዜ ደግሞ በዋትስአፕ መደወል ይሻላል፤ ከተራው ጥሪ ሰፋ ያለ ድምፅ ያሳልፋል።

ስለ ባትሪ አንድ ነገር፤ ተላጦ የሚገባው ትንሹ ክብ ባትሪ አየር ሲያገኝ ነው የሚነሣው። ብርቱካንማው ምልክት 13 ቁጥር፣ ቡናማው 312 ነው። ከናይሮቢ ስትመለሱ ደህና አድርጋችሁ ያዙ፤ ግን አትላጡት፣ ከተላጠ በኋላ ተመልሶ ቢለጠፍም ማለቁን አያቆምም።

በየመንገዱ በርካሽ የሚሸጠውን ማጉያስ? እሱን ገዝቶ ወደ ሞያሌ አውቶቡስ ተራ የገባ ሰው አውቃለሁ፤ የመጀመሪያው ጥሩንባ ሲነፋ አውልቆ ወረወረው። ሁሉንም ድምፅ እኩል የሚያጮህ ነገር ደህናውን ወፍራም ድምፅ ሳይቀር በጆሮ ላይ ይጭነዋል። ደግሞስ ሳይመረመሩ ለምን ይገዛል? ምናልባት ችግሩ ኩክ ብቻ ይሆናል፤ ከአንገት በላይ ሐኪም አውጥቶት ያበቃል። አንድ ጆሮ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ሌሊት ድንገት ከጠፋ ደግሞ «ይመለሳል» ብላችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ሕክምናው በዘገየ ቁጥር የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል።

«ውድ ነው» የምትሉኝን እሰማለሁ፤ አሁን በደንብ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ውድ ነው፤ አቅም የሌለውን አልወቅስም። ነገር ግን በየዓመቱ አዲስ ስልክ የሚቀይር፣ ለልጁ ሠርግ ሰንጋ የሚጥል ሰው ይህን ሲለኝ አልቀበልም። በአንድ ዓመት ውስጥ በስህተት የተጫነውን፣ የተመለሰውንና ደንበኛው አኩርፎ የቀረበትን ይደምርና ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋው እንነጋገር።

ስልኬን ከልጄ ተቀብያለሁ። የሐዋሳዋ ደንበኛዬ አሁንም በየወሩ ታዛለች፤ ብዛቱን ግን «ሦስት አሥር» ብላ ነው የምትነግረኝ፣ ትስቅብኛለችም።

የምትገዙ ካላችሁ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት እዚያው ተቀምጣችሁ ከቤታችሁ ሰው ያስደውሉላችሁ። ደዋዩ ሠላሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ፣ ሲቲኒ፣ ሳቢኒ እያለ አደበላልቆ አሥር ቁጥር ይጥራ፣ እናንተ በወረቀት ጻፉ፤ ከዚያ አስተያዩት። ሻጩ «ይህ አያስፈልግም» ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።