ቡልቡላ ሲቀጥን

በዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ዳር ፓምፕ ያላችሁ፣ የውሃ ፈቃድ የምትሰጡ፣ ከሐይቁ የምትጠጡ ሁሉ፦ ለጊዜው ሐይቁን ተዉትና ቡልቡላ ወንዝን ተመልከቱ። ሐይቁ የመጉደሉ ምልክት ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው።

ዝዋይ ከመቂና ከከታር ወንዞች የተቀበለውን ውሃ ትርፉን በቡልቡላ በኩል ለአብያታ ሐይቅ ይሰጣል። ስፋቱ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢጠጋም አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጥቂት ዝቅ ቢል ዳር ለቆመ ሰው አይታወቀውም፤ ቡልቡላ ግን ወዲያው ይቀጥናል። አብያታ ደግሞ መውጫ የለውም። የሚገባለት ሲያንስ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨዉ ይቀራል። የሶዳ አሽ ማምረቻም ከዚያው ሲቀዳ ቆይቷል። ሐይቁ ሸሽቷል፣ ዓሣው አልቋል፤ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ምግባቸውን ፍለጋ ወደ ሌላ ሐይቅ ይበራሉ።

ነገሩ የወፍ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዝዋይ ዳር ያለው የባቱ ከተማ ይጠጣል፣ የአበባ እርሻው ይቀዳል፣ የቲማቲምና የሽንኩርት ገበሬው ሞተር ይተክላል፣ ዓሣ አስጋሪው መረብ ይጥላል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲጠየቅ እውነት አለው። ሌባ የለም፤ የሁሉንም ድምር የሚይዝ ግን ማን ነው? የሐረማያ ሐይቅም እንዲሁ ነበር። ከተማው ለመጠጥ፣ ገበሬው ለጫትና ለአትክልት ሲቀዳ፣ ደለሉም ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደርቆ ሰው በእግሩ ተሻገረው። በኋላ ውሃ ቢመለስለትም፣ በመሀል የጠፋውን ኑሮ የመለሰ የለም።

ዝዋይ ሲጎድል የማዳበሪያና የፀረ ተባይ ዝቃጭ በትንሽ ውሃ ውስጥ ይጠራቀማል። መጠጥ ውሃችሁ ያ ነው። ከዚያ በኋላ የላይኛው ቀጂ ከታችኛው ጋር ይጣላል፤ ጠብ ከተነሣ ደግሞ ስለ ልኬት የሚያዳምጥ አይገኝም።

የ1992ቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ሰጥቷል። ቅድሚያው ግን በቁጥር ካልተለካ አይሠራም። እያንዳንዱ ፓምፕ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ይመዝገብ። ሐይቁ ከየትኛው ልክ ሲወርድ ማን ቀድሞ ሞተሩን እንደሚያጠፋ አስቀድማችሁ ተፈራረሙ፤ መጠጥ ውሃ ይቅደም፣ ለቡልቡላ የሚለቀቀውም ድርሻ ይኑረው። የአብያታ ዳር አርብቶ አደር ከስምምነቱ ጠረጴዛ አይቅር፤ እስከ ዛሬ የተረሳው እሱ ነው። ክረምቱ ሐይቁን ሲሞላው አትዘናጉ። ለስብሰባው ጊዜው ኅዳር ነው፣ የበጋው መስኖ ሳይበረታ።