የመድረኩ ድምፅስ የማን ቅርስ ነው?

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትም ስለ ቴአትር ቅርስ የወጣውን ጽሑፍ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ሁለቴ አነበበው። አልባሳቱ፣ ፎቶግራፉ፣ ማስታወቂያው፣ የታተመው ድርሰት አንድ በአንድ ተቆጥረዋል። ድምፅ ግን አልተነሣም። ዕድሜውን በቴአትር አዳራሽ ላሳለፈ ሰው ይህ ያማል።

«ድርሰቱ ታትሟል፤ ከዚያ በላይ ምን ይፈለጋል?» የሚሉ አሉ። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ይበላል» የሚለውም «በ» ከላላ በዪውን፣ ከጠበቀ ተበዪውን ያመለክታል። ሰምና ወርቅ ባለው ቃለ ተውኔት ይህን የሚለየው የተዋናዩ አንደበት ነው። የጸሐፌ ተውኔቱ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ረጅም ስንኝ የት ትንፋሽ እንደሚወሰድበትም የሚታወቀው ሲሰማ ነው። ወረቀቱ ይህን ሁሉ አይዝም።

ምስክሩ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ልብ ወለዱ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሟል፤ ብዙው ሰው ገጸ ባሕርዩን ጉዱ ካሳን የሚያውቀው ግን በወጋየሁ የሬዲዮ ትረካ ነው። ትረካው ለዛሬ የደረሰው ስለተቀዳ ነው። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1899 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት መልእክት ድምፁ የተረፈውም ስለተቀዳ ብቻ ነው።

ጸሐፊው አንድ ጊዜ የቆየ ተውኔት ቅጂ ፍለጋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ነበር። የድምፅ ክሩ ተገኘ፤ ካርቶኑ ላይ የተውኔቱ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ሲከፈት የተሰማው የስብሰባ ንግግር ነው። በላዩ ተቀድቶበታል!

እንዲህ ሲጠፋ የሚቀረው ብዙ ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። በነዚያ አዳራሾች ተመልካቹ የት እንደሳቀ፣ የት ጸጥ እንዳለ፣ ተዋናዩ ጭብጨባው እስኪበርድ ምን ያህል እንደቆየ የሚያጠና ተማሪ ከድምፅ ሌላ ምንጭ የለውም።



ለምን አይቀዳም ሲባል «በጀት የለም» የሚለው መልስ አያስኬድም። ድምፅ መቅጃ እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም። ጊዜ የማይሰጠው የቆየው ክር ነው፦ የማግኔቱን ዱቄት የያዘው ሙጫ እርጥበት እየሳበ ይለቃል፤ ማጫወቻውም ከገበያ ወጥቷል። ስለዚህ ያሉት ክሮች አሁኑኑ ወደ ዲጂታል ይገልበጡ። አዲስ ተውኔትም ከመድረክ ሳይወርድ አንድ ምሽት ከነተመልካቹ ይቀዳ፤ ቀኑና የተዋንያኑ ስም ተጽፎበት አንድ ቅጂ ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወመዘክር ይግባ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቴአትር ተመልካች፣ ከአዲስ አበባ