ስሜን ከአደጋ መዝገብ ወጣ፣ የግጭ ሰዎችስ?

ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ሆኖ የረርን የሚመለከት ሰው «ተራራ አየሁ» ቢል አይፈረድበትም። የረር ግን 3,100 ሜትር ገደማ ነው። በስሜን የግጭ አምባ ብቻውን ከ3,500 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ራስ ዳሽን 4,500 ሜትርን ያልፋል። እዚያ ቀን ፀሐዩ ይለበልባል፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በበጋ ሣሩ ደርቆ ሜዳው ገለባ ሲመስል ከጓሳና ከጅብራ በቀር ዓይን የሚያርፍበት የለም። ወደ ገደሉ ጠርዝ ሲጠጉ ግን ምድሩ ከእግር ሥር ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ዋልያ የሚኖረው በዚያ ገደል ላይ ነው።

ዩኔስኮ ስሜንን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ እንደ ላሊበላ ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነበር። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ። ምክንያቶቹ የዋልያ ቁጥር ማሽቆልቆል፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት እንዲሁም ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ነበሩ። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። ለዚህ ከተጠቀሱት ሥራዎች ዋነኛው የግጭ መንደር ነዋሪዎች መነሳታቸው ነበር። ከ400 በላይ አባወራዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል።

ዝውውሩ በፈቃደኝነትና በካሳ እንደተፈጸመ መንግሥት ገልጿል። በደርግ ዘመን በፓርኩ ሰሜናዊ ተዳፋት የነበሩ መንደሮች በግዳጅ ከተነሱበት አሠራር ጋር ሲነጻጸር ይህ ለውጥ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ካሳ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ገብስ የሚዘራና በግ የሚያረባ ገበሬ ከተማ ገብቶ በምን ይተዳደራል? ከመሐል አዲስ አበባ በመልሶ ማልማት ተነስቶ ቦሌ አራብሳን ወደመሰሉ ዳርቻዎች የሄደ ሰው ጥያቄውን ያውቀዋል፤ ቤቱ ይገኛል፣ ሥራውና ጎረቤቱ ግን በመኪና ተጭነው አይመጡም።

የታሰበው መልስ ቱሪዝም ነበር። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ምግብ አብሳዩ ከጎብኚው ያገኛሉ የሚል ስሌት ነው። ስሌቱ ሰላምን እንደተሰጠ ነገር ቆጥሮ ነበር። በ2020 ኮቪድ መጣ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፣ ከነሐሴ 2023 ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ግጭት ጎብኚውን አራቀው። መልክዓ ምድሩ ባለበት ነው፤ ገቢው ግን ነጥፏል።

በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ስህተቱ ሰው መነሳቱ ብቻ አይደለም። የተነሺውን ኑሮ በአንድ ገበያ ላይ ማንጠልጠሉ ነው። የባሌ ተራሮችም በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ እዚያም በፓርኩ ውስጥ የሚኖርና ከብት የሚያሰማራ ሕዝብ አለ። የስሜንን ሒሳብ ሳይዘጉ ያንኑ መንገድ ባሌ ላይ መድገም አያዋጣም።

በ2019 ስሜን በእሳት ሲያያዝ የእስራኤል እሳት አጥፊዎች መምጣታቸው ብዙ ተወርቷል። ከእነርሱ በፊት ቅጠል ይዞ ገደሉን የወጣው ግን የአካባቢው ገበሬ ነበር።